ጎንደርን ያቃጠለው ማን ነው? ቴዎድሮስን ከሚወድ ጎንደሬ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ሰባት ሰው ልኮልኛል። ከሰባቱ አራቱ የጎንደር ልጆች ናቸው። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፤ ይሄን አልክድም። እያነበብኩ ልቤ ሞቅ ያለበት ቦታም ነበር። ጎንደር ላይ ስደርስ ግን በረደኝ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቴዎድሮስ ወገን ዘመድ የሌለው የኮሶ ሻጭ ልጅ ነበር፤ ከምንም ተነሥቶ ነገሠ። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያን በሙሉ አንድ አድርጎ ነው የሞተው። ሦስተኛ፣ ከእንግሊዝ ጋር የተጣላው ንግሥት ቪክቶሪያን ለጋብቻ ጠይቆ ስለናቀችው ነው፤ እንግሊዞችም የመጡት አገሪቱን ቅኝ ሊገዙ ነው። አራተኛ፣ መቅደላ ላይ ያሸነፈው ባንዳ እንጂ እንግሊዝ አይደለም። አምስተኛ፣ ጎንደርን ያቃጠለው ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ ነው፤ "የቴዎድሮስ ቃጠሎ" የሚባለው ፈረንጅ የፈጠረው ስም ማጥፋት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለንደን ያሉት ብራናዎች "ለባለቤታቸው ለመቅደላ" ይመለሱ ብለው ይዘጋሉ።

ከአምስተኛው ልጀምር። የቤቴ ጉዳይ ነዋ።

ጎንደር ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች። በ1859 ዓ.ም. በቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. በድርቡሽ። በመካከሉ 21 ዓመት አለ። ድርቡሽ ጎንደር ሲገባ ቴዎድሮስ ከሞተ ወደ ሃያ ዓመት ሊጠጋው ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን እሳት አንድ አደረጉና በሙሉ ለድርቡሽ አስረከቡት። ድርቡሽ የራሱ ዕዳ ይበቃዋል፤ የሌላ ሰው አይጨመርበት። ሴት አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን "የቴዎድሮስ እሳት" እና "የድርቡሽ እሳት" ብላ ለይታ ነበር የምታወራው። የመጀመሪያውን ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። አሁን ሲገባኝ፣ የመጀመሪያው እሳት የጎንደር የገዛ ልጅ ያደረሰው ስለሆነ ነው።

"ፈረንጅ የፈጠረው ነው" የሚለውንም እንየው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስለ ቴዎድሮስ የጻፉት ብዙዎቹ አውሮፓውያን መቅደላ ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ተፈትተው አገራቸው ሲገቡ መጽሐፍ አሳተሙ። እስረኛ ስለ አሳሪው ሲጽፍ እጁ እንደማይሳሳ የታወቀ ነው። እነሱን በጥርጣሬ እናንብብ ቢሉ እስማማለሁ። ነገር ግን አለቃ ወልደ ማርያም ፈረንጅ አይደሉም። የዘመኑ ሰው ናቸው፤ ታሪኩን የጻፉት በአማርኛ ነው። የጎንደርን መዘረፍ ጽፈውልናል። ለእንግሊዝ ሊያዋድዱን ብለው አይደለም፤ ያገራቸው ሰው ያለቀሰበት ነገር ስለሆነ ነው።

ለምን አቃጠላት? ጸሐፊው ይሄን ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ ይሆን ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከእሳቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቴዎድሮስ በነገሠ በዓመቱ ካህናቱን ሰብስቦ የመሬት ጥያቄ አነሣ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የቀረው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አለ። ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጥለት ይፈልግ ነበር። ደመወዙ ከየት ይምጣ? ከመሬት። መሬቱ ደግሞ በካህን እጅ ነው። ዛሬ ስናየው ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም። ግን ይሄን የምትለው ለጎንደር ነው! አርባ አራቱ ታቦት ላላት ከተማ። እያንዳንዱ ደብር የራሱ መሬት፣ የራሱ ሊቅ፣ የራሱ ጉባኤ ቤት አለው። ካህናቱ እምቢ አሉ። ቆይቶ መሬቱን በጉልበት ወሰደ። ከዚያ ወዲያ በንጉሡና በከተማዋ መካከል ፍቅር አልነበረም። ሸፍቶ የተነሣ ሁሉ ጎንደር ውስጥ ጆሮ የሚሰጠው ያገኝ ጀመር። ከነዚህ አንዱ ጥሶ ጎበዜ ነው።

በ1859 ቴዎድሮስ ወደ ከተማዋ ሲመጣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ሠራዊቱ እየከዳው፣ አገሩ እየጠበበው ነበር። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብራናውን፣ መስቀሉን፣ ወርቁንና ብሩን ሰበሰበ። ሕዝቡን አስወጣ። ከዚያ እሳት። ከጥቂቶቹ በቀር አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ። የድንጋዩ ግንብ ቆሞ ቀረ። ዛሬ የፋሲል ግቢን የሚጎበኝ እንግዳ ግንቡን አይቶ "እንዴት ያለ ከተማ ነበር!" ይላል። በግንቡ ዙሪያ የነበረው የእንጨትና የሣር ከተማ፣ የሊቃውንቱ ቤት፣ የነጋዴው ሰፈር ግን አይታየውም። የለማ።

ጸሐፊው ያልገባቸው የመሰለኝ አንድ ነገር አለ። እኛ ይሄን እያወቅን ነው ቴዎድሮስን የምንወደው። ፒያሳ ሐውልቱ ቆሟል። አውሮፕላን ማረፊያችን በስሙ ይጠራል። የዩኒቨርሲቲው አንዱ ግቢ ቴዎድሮስ ነው። ልጆቻችንን ከመንገሡ በፊት በነበረው ስሙ ካሳ እንላለን። እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ ሳልለው መቅረቴም ከንቀት አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ መይሳውን አንቱ የሚለው እንግዳ ነው። ያቃጠላት ከተማ ሐውልት ያቆመችለት ሰው ነው። ጸሐፊው ሐውልቱን ለማስዋብ ብለው ቃጠሎውን ሲሰርዙት፣ ይሄን ግራ የሚያጋባ ፍቅር አብረው ሰረዙት።

አሁን ወደ ኮሶው።

እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው እንደነበር እውነት ነው። ኮሶ ሸጡ መባሉም በአገር የታወቀ ነው። ግን "ወገን ዘመድ የሌለው" የሚለው ከየት መጣ? አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ የቋራ ባላባት ናቸው። ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ደምቢያንና ቋራን የገዙ፣ በ1829 የግብፅን ጦር ጠረፍ ላይ የመቱ ሰው ናቸው። ካሳ ያደገው እሳቸው ቤት ነው። ጦርነት ያየው፣ የጌታ ቤት ወግ የተማረው እዚያ ነው። እሳቸው ሲሞቱ አገሩ ወደ እቴጌ መነን እጅ ገባ፤ እሳቸው የራስ አሊ እናት ናቸው። የካሳ ሽፍትነት ከዚህ በኋላ ነው። የተነጠቀ ባላባት ነው የሸፈተው። ከባዶ የተነሣ ድሃ አልነበረም። ቆይቶም ሊያባብሉት የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። በዘመኑ የአገሩ ትልቁ ሰው አማች ሆነ ማለት ነው። "ከምንም" አይባልም።

"የኮሶ ሻጭ ልጅ" የምትለዋ ቃል ራሷ የማን እንደሆነች ጸሐፊው ያወቁ አልመሰለኝም። የጠላቶቹ ስድብ ናት። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉ የመነን ሰው ይሄን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣላችኋለሁ ብለው ፎክረው ዘመቱ። ተማረኩ። ካሳም እናቴ ዛሬ ገበያ ወጥታ ኮሶው ሳይሸጥላት ቀረ፣ እባክዎ ይጠጡላት ብሎ አስጠጣቸው ይባላል። ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱ ምን እንደሚል የሚያውቅ ያውቃል። እንግዲህ ሰውየው ስድቡን በስድብነቱ ነው የተበቀለው። ጸሐፊው ግን ወስደው ምስጋና አደረጉት።

አንድነቱን በተመለከተ ብዙ አልጨቃጨቅም። ጀማሬው አስደናቂ ነው። በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በ1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። የካቲት ላይ እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሠ። ወዲያው ወሎ ዘመተ፤ ከወሎ ወደ ሸዋ ዘልቆ ትንሹን ምኒልክን ይዞ ተመለሰ። በጥቂት ዓመት ይሄን ያደረገ ሰው ከእሱ በፊት ለሰማንያ ዓመት ያህል አልነበረም። የወታደር አለቅነት ስሞቻችን፣ ከአሥር አለቃ እስከ ሻለቃ፣ የእሱን ዘመን ያስታውሳሉ። የነገሥታት ታሪክ ከግዕዝ ወጥቶ በአማርኛ የተጻፈውም በእሱ ዘመን ነው። ይሄ ሁሉ ትክክል።

ጸሐፊው ግን "አንድ አድርጎ ሞተ" ነው ያሉት። ሲሞት ካርታው ምን ይመስል ነበር? ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ላይ ራሱን ችሏል። ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነው። ትግራይ በካሳ ምርጫ እጅ ነው፤ ኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት ናቸው። ጎጃም ተድላ ጓሉ ከሸፈተበት ወዲህ በቅጡ አልገባለትም። ለንጉሡ የቀረው ደብረ ታቦር አካባቢና የመቅደላ አምባ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ አምባው ብቻ። ከፋና ሐረርን የመሰሉ አገሮችማ ጦሩ ረግጧቸውም አያውቅ። ሕልሙን ለሌሎች አስተላለፈ ብንል ያምራል፤ ልክም ነው። ተሳካለት ማለት ግን ለዮሐንስና ለምኒልክ የሚተርፍ ሥራ አልነበረም ማለት ይሆናል።

የጋብቻውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ለንግሥቲቱ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ይነበባል። በ1855 ነው የተጻፈው። እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሠው ይናገራል። ቱርኮች የአባቶቼን አገር አልለቅም አሉኝ ይላል። የሞቱትን ወዳጆቹን ፕላውዴንንና ቤልን ያነሣል። መልእክተኞቼ ገጸ በረከት ይዘው በሰላም እንዲደርሱ መንገድ ፈልጊልኝ ይላል። በቃ። ስለ ሚስትነት አንዲት ቃል የለም። ይሄ ወሬ ለጊዜው ኩራት ይሰጣል፤ ትንሽ ካሰቡት ግን ንጉሡን ያሳንሰዋል። ስለ ቀይ ባሕር በር የጻፈን ሰው ሴት ጠይቆ የተናቀ አስመሰለው።

እውነተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ፤ መልስ የጻፈ የለም። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ደግሞ ደብዳቤውን ራሱ ያደርሳል ሲባል ሰው ላከበትና እሱ ወደ ከሰላ ሄደ። ከሰላ ግብፆች የያዙት ከተማ ነው፤ ለቴዎድሮስ የጠላት ቤት ማለት ነው። መልስ ሳይዝ ከጠላት ቤት የተመለሰ መልእክተኛ ምን ይባላል? በ1856 ታሰረ። ማሰሩ ትክክል ነበር አልልም፤ መልእክተኛ አይታሰርም። መነሻው ግን የፍቅር ኩርፊያ አይደለም።

ቅኝ ሊገዙ መጡ የሚለውን ደግሞ ቀኑ ይመልሰዋል። በጥቅምት 1860 ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረዱ። በሰኔ 1860 ለቀው ወጡ። ንጉሡ ሞቶ፣ አገሩ ባለቤት አጥቶ ሳለ ማለት ነው። ሊቀመጡ የመጡ ከዚያ የተሻለ ቀን አያገኙም ነበር። ዘርፈው ሄዱ፤ አልተቀመጡም። ዘራፊ ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ስም መፈለግ አያስፈልግም።

ባንዳው ጋ ደረስን። መጀመሪያ አንዲት ነገር፦ ባንዳ የሚለው ቃል ከጣሊያን ጋር የመጣ ነው። በ1860 መቅደላ ላይ ማንም ማንንም ባንዳ ብሎ አልተሳደበም። እሺ፣ ቃሉን እንለፈው። ካሳ ምርጫ እንግሊዞችን በትግራይ አሳልፈዋል፤ ሲመለሱም መድፍና ጠመንጃ ተቀብለዋል። ይሄን ጸሐፊው በትክክል ነው ያነሡት። ግን ከዙላ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 13,000 ወታደር፣ ዝሆን ሳይቀር ይዞ፣ ያንን ሁሉ ገደል አቋርጦ ሲመጣ በመንገድ የከለከለው የለም። ባላገሩ እህሉንና ከብቱን አውጥቶ በጠገራ ብር ሸጠላቸው። ይሄን ሁሉ ሕዝብ ከሃዲ ልንለው ነው?

እኔ ሌላ ጥያቄ ነው የሚታየኝ። ለባዕድ ጦር እህል የሚሸጥ ገበሬ ከዚያ በፊት እህሉን ማን ይወስድበት ነበር? የንጉሡ ጦር፣ ያለ ዋጋ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተቃጠለችው ጎንደር ብቻ አልነበረችም፤ የበጌምድር ገጠርም ተዘርፎ ተራቁቷል። ሰው የከዳው እንግሊዝን ወዶ አይደለም። አቡነ ሰላማ፣ በእጃቸው የነገሠባቸው አባት፣ መቅደላ ላይ ታስረው ነው የሞቱት። እንግሊዞች ሊደርሱ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን እስረኞች እስላምጌ ገደል ላይ ተገድለው ተጣሉ። ይሄ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

"ካልከዱት ያሸንፍ ነበር" የሚለውም አይመስለኝም። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ያልከዱት ወረዱ። ፊታውራሪ ገብርዬ መሪያቸው ነበር። የወረዱት የታመኑት ናቸው፤ በመታመን በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም። እንግሊዝ የያዘው በኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር፤ የእኛ ሰው በአፈ ሙዙ ባሩድ እየጠቀጠቀ ሳለ እሱ ደጋግሞ ይተኩሳል። ወደ 700 የሚጠጋ የእኛ ሰው አለቀ፤ ገብርዬም ወደቀ። ከእነሱ ወገን የቆሰለው ሃያ ሰው ያህል ነው፤ ከቆሰሉት ሁለቱ ሞቱ። ይሄ ቁጥር ስለ ክህደት አያወራም። ስለ ጠመንጃ ነው የሚያወራው።

ይሄን ቀድሞ ያወቀው ደግሞ ራሱ ቴዎድሮስ ነው። ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን ይዞ መድፍ ሥሩልኝ ያለው ለምን ሆነና? ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያስጎተተበት ግማሽ ዓመት ነው። ሰባት ቶን ያህል ብረት፣ መንገድ በሌለበት። መንገዱን እየጠረጉ፣ ድንጋዩን ራሱ ንጉሡ በእጁ እያነሣ። እኔ ይሄን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ መድፉ መቅደላ ላይ ያልጠቀመው መሆኑ አይደለም። ያ ሁሉ ጉልበት ሲፈስ ከኋላው የሚጎትተው ሰው በየቀኑ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ብረቱ መቅደላ ደረሰ፤ ሰው ግን በመንገድ አለቀ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ሽጉጡን ጠጣ። ሽጉጡ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ስለ ሞቱ ጸሐፊው የጻፉት ክፍል ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነው፤ ምንም የምጨምርበት የለኝም። እጅ አልሰጠም። በዚህ ላይ ጎንደርም፣ ሸዋም፣ እንግሊዙም ይስማማል።

የቀረችው የብራናዎቹ ነገር ናት። ይመለሱ በሚለው ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ አንድ ፀጉር ልዩነት የለንም። ፀጉር ስል ትዝ አለኝ፤ የቴዎድሮስ ፀጉር በ2011 ተመልሷል፤ የልጁ የልዑል ዓለማየሁ አፅም ግን እስካሁን ዊንዘር ነው። ብራናዎቹም እዚያው ለንደን ናቸው፤ 350 ገደማ። እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን ያወረዱት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ነው።

"ለባለቤታቸው ለመቅደላ" የምትለዋ ግን አልዋጥልህ አለችኝ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ትልቅ ደብር ሊሠራ አስቦ ነበር። መጽሐፍ የሰበሰበለት ለዚያ ነው። ከየት ሰበሰበ? ብዙውን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፤ እሳቱ ሳይነሣ በፊት ከወጣው። እንግሊዝ መቅደላ ላይ ሲዘርፍ ከተዘረፈው ብዙው አንድ ጊዜ የተዘረፈ ነበር። ጸሐፊው ለለንደን የሚላክ አቤቱታ እያዘጋጁ ከሆነ ስሜን ያስገቡልኝ፤ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። አድራሻው ላይ ግን ከመቅደላ ጎን ጎንደር ብለው ይጻፉ።